ኢዲ አሚን፤ ከቡጢ መድረክ እስከ ሥልጣን ኮርቻ

በቡጢ ግጥሚያ ሁለት ሰዎች ይመታታሉ እንጂ አይጣሉም። ሚዛናቸው ተመዝኖ፣ ጓንታቸው ተመርምሮ፣ ዳኛ በመካከላቸው ቆሞ ደወል ሲደወል ይጀምራሉ፤ ደወል ሲደወል ያቆማሉ። የወደቀ አይመታም፤ ጀርባውን የሰጠ አይነካም፤ አቅም ያነሰው ደግሞ ከሚዛኑ በላይ ከሆነ ሰው ጋር አይገጥምም። ይህ ሕግ ከተነሣ ግን ቡጢ መባሉ ይቀርና ተራ ግፍ ይሆናል።

በዚህ ሕግ ሥር እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1960 ድረስ የኡጋንዳን የቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነት ይዞ የቆየ አንድ ወታደር ነበር። መድረኩን ከለቀቀ ከአሥር ዓመት በኋላ የአገሩን ሥልጣን በጦር ኃይል ያዘ። ስምንት ዓመት በቆየው አገዛዙም ዳኛም፣ ደወልም፣ ሚዛንም የማያውቅ ሰው መሆኑን በሕዝቡ ደም አስመሰከረ። ይህ ሰው ኢዲ አሚን ዳዳ ነው። የሕይወቱ ታሪክ የአንድ ቡጢኛ ታሪክ ብቻ አይደለም። አንዲት አገር በክፍለ አገርና በጎሣ ተከፋፍላ ስታጨበጭብና ስታለቅስ የኖረችበት ዘመን ታሪክም ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የኮቦኮው ልጅ

ኢዲ አሚን የተወለደበት ቀን በትክክል አይታወቅም። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ከ1925 እስከ 1928 ባለው ጊዜ ውስጥ ያደርጉታል። የትውልድ ስፍራውንም አንዳንዶቹ ኮቦኮ፣ ሌሎቹ ካምፓላ ይላሉ። አባቱ ከካክዋ ጎሣ፣ እናቱ ከሉግባራ ጎሣ ናቸው። ሁለቱም ጎሣዎች የሚገኙት በሰሜን ምዕራብ ኡጋንዳ፣ ከደቡብ ሱዳንና ከኮንጎ ጋር በሚያዋስነው ዌስት ናይል በተባለው አውራጃ ነው። ኮቦኮ ከካምፓላ በመኪና መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ልጁ ከአባቱ ተለይቶ ከእናቱ ጋር አደገ፤ የተማረውም ትምህርት እጅግ ጥቂት ነበር።

የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች ኡጋንዳን ያስተዳደሩት ከፋፍለው ነው። ደቡቡን፣ በተለይም የቡጋንዳን መንግሥት፣ የቡናና የጥጥ እርሻ፣ የትምህርት ቤትና የጽሕፈት ቤት አገር አደረጉት። ሰሜኑን ደግሞ የጉልበት ሠራተኛና የወታደር ምንጭ አድርገው ተዉት። ሰሜኖቹ በተፈጥሯቸው ለጦርነት የተፈጠሩ ናቸው የሚል ሐሳብ ፈጥረው፣ ቁመተ ረጃጅሞቹንና ትከሻ ሰፊዎቹን ከአቾሊ፣ ከላንጎና ከዌስት ናይል እየመረጡ በጦሩ ያስገቡ ነበር። ስለዚህ በአንዲት አገር ውስጥ ብዕር የያዘ ደቡብና ጠመንጃ የያዘ ሰሜን ተፈጠሩ። በኋላ ለመጣው መከራ ሁሉ ሥሩ ይኸው ክፍፍል ነው።

አሚን በ1946 ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ በተባለው የቅኝ ግዛት ጦር በረዳት ወጥ ቤትነት ተቀጠረ። የዚህ ጦር ሻለቆች በ1941 ፋሺስት ኢጣሊያን ከኢትዮጵያ ለማስወጣት በተደረገው ዘመቻ፣ እስከ ጎንደር ድረስ የተዋጉ በመሆናቸው ስሙ ለእኛም አገር አንባቢ እንግዳ አይደለም። አሚን ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በበርማ ግንባር ተዋግቻለሁ ይል ነበር። የተቀጠረው ግን ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነውና ወሬው እውነት አይደለም። ያገለገለው በኬንያና በሶማሊያ ነው፤ ከ1952 ጀምሮም በኬንያ በማው ማው ታጋዮች ላይ በተደረገው ዘመቻ ተካፍሏል።

የጦር ሰፈርና የከተማ ሰፈር

አሚን ቁመቱ 193 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ክንዱ የጠነከረ ጎልማሳ ነበር። እንግሊዛውያን መኮንኖች ስፖርትን የወታደር ማሠልጠኛ አድርገው ይመለከቱት ስለ ነበር፣ እንዲህ ያለውን ሰው አላለፉትም። ራግቢ ተጫወተ፤ ዋኘ፤ ከሁሉም በላይ ግን ጓንት አጠለቀ። በ1951 የአገሪቱን የቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነት ወስዶ እስከ 1960 አልለቀቀም። የዚህ ሚዛን ጣሪያ 81 ኪሎ ያህል ነው። በኋላ በፕሬዚዳንትነቱ ዘመን የምናውቀው ግዙፍ ሰው ያን ጊዜ ገና ቀጠን ያለ አሥር አለቃ ነበር ማለት ነው።

በዚያን ዘመን የቡጢ ስፖርት በኡጋንዳ በሁሉም ስፍራ እኩል አልተስፋፋም። የቡጋንዳ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ኪግዎ የሚባል የራሱ ትግል አለው። ሚሲዮናውያን ካስፋፉት የትምህርት ቤት ስፖርት ደግሞ ልቡ የሄደው ወደ እግር ኳስ ነው። ልጁ አስተማሪ፣ ጸሐፊ ወይም ቄስ እንዲሆንለት የሚመኝ ወላጅ፣ ፊቱ በጓንት ሲመታ ለማየት የሚጓጓ አልነበረም። በጦር ሰፈር ግን ነገሩ ሌላ ነው። አራተኛው ሻለቃ በሰፈረበት፣ ናይል ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣበት በጂንጃ፣ ቡጢ የሻምበልና የሻምበል ክብር መለኪያ ነበር። የሚያሸንፈው ሰው የክፍሉን ስም ያስጠራል፤ የጎሣው ልጆች የሆኑት ወታደሮችም ዙሪያውን ቆመው በየቋንቋቸው ያበረታቱታል። የፖሊስና የወኅኒ ቤት ክፍሎችም በዚሁ መንገድ ሄዱ።

ሦስተኛው የቡጢ መንደር በካምፓላ ምሥራቅ በኩል በቀለ። የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ናካዋና ናጉሩ በተባሉት ስፍራዎች ለሠራተኞች መኖሪያ ሠርቶ ነበር። በእነዚህ ቤቶች የገቡት አብዛኞቹ ከሰሜንና ከምሥራቅ፣ እንዲሁም ከኬንያ ሥራ ፍለጋ የመጡ ሰዎች ናቸው። መሬት የላቸውም፤ በካባካው ዙሪያ ዘመድ የላቸውም። ለልጆቻቸው ግን የጓንት ጨዋታ ነበራቸው። ናጉሩ ከዚያን ጊዜ አንሥቶ እስከ ዛሬ ድረስ በኡጋንዳ የቡጢኞች መፍለቂያ ተብሎ ይጠራል። የከተማው ሕዝብ በሉጎጎ አዳራሽ ለቡጢ ሲሰበሰብ፣ የሰፈር ልጅ ደጋፊና የጦር ሰፈር ደጋፊ በአንድ ጣሪያ ሥር ይገናኙ ነበር።

እንዲህ ያለው ልዩነት የኡጋንዳ ብቻ አይደለም። በጋና የቡጢ ስም የሚጠራው በአክራ ባሕር ዳርቻ፣ የጋ ሕዝብ በሚኖርበት በቡኮም መንደር ነው፤ የኩማሲ ከተማ ደግሞ የምትታወቀው በእግር ኳስ ክለቧ በአሳንቴ ኮቶኮ ነው። በኬንያ ናኩሩ ቡጢኞችን አፍርታለች። በእኛም አገር ቢሆን ጦሩ የስፖርት ትምህርት ቤት እንደ ነበረ የክብር ዘበኛዎቹ አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ ምስክሮች ናቸው። አበበ በ1960 በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ፣ በዚያው ኦሊምፒክ በቡጢ መድረክ የቆመ ፍራንሲስ ኒያንግዌሶ የተባለ የምሥራቅ ኡጋንዳ ተወላጅ ነበር። ይህም ሰው በኋላ በአሚን ዘመን የጦሩ አዛዥ ሆነ። ከዚያም ለረጅም ዓመታት የአገሩን የኦሊምፒክ ኮሚቴ መርቶ በ2011 አረፈ።

ያልተደወለው ደወል

አሚን በጓንቱ ያገኘው ዝና በማዕረግ መሰላል አወጣው። በ1959 በዚያን ጊዜ ለጥቁር ወታደር ከሚሰጠው ሁሉ የበላይ የነበረውን የኤፌንዲነት ማዕረግ አገኘ። በ1961 ደግሞ መኮንን እንዲሆኑ ከተመረጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኡጋንዳውያን አንዱ ሆነ።

በ1962፣ ነጻነት ሊታወጅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በሰሜን ኬንያ ቱርካና በተባለው አገር የከብት ዘራፊዎችን እንዲያሳድድ ከጦሩ ጋር ተላከ። ጦሩ ከተመለሰ በኋላ የተደበደቡ፣ የተሠቃዩና የተገደሉ የመንደር ሰዎች ተገኙ። ጉዳዩ ለእንግሊዙ ገዢ ቀረበ። ገዢው ግን በነጻነት ዋዜማ ከሁለቱ ጥቁር መኮንኖች አንዱን ፍርድ ቤት ማቆም ይከብዳል በሚል ሐሳብ ነገሩን ወደ ሚልተን ኦቦቴ መራው። ኦቦቴም በተግሣጽ ብቻ አለፉት።

ኋላ ለተፈጸመው ነገር ሁሉ በር የከፈተ ጥፋት ቢፈለግ ይህ ነው። ሕግን የጣሰ ቡጢኛ ከመድረክ ይወርዳል፤ ሕግን የጣሰ ወታደርም በሕግ ይጠየቃል። አሚንን ለማስቆም ሥልጣን የነበራቸው ሁለቱም ወገኖች ግን፣ አንዱ ሊሄድ ተነሥቶ፣ ሌላው ሊገባ ቸኩሎ፣ ደወሉን ሳይደውሉት ቀሩ።

ጥቅምት 9 ቀን 1962 ኡጋንዳ ነጻ ወጣች። በ1964 መጀመሪያ የጂንጃ ወታደሮች ስለ ደመወዝ ሲያምፁ ደመወዙ ተጨመረ፤ አሚንም የጦሩ ምክትል አዛዥ ሆነ። ግንቦት 24 ቀን 1966 ኦቦቴ ከቡጋንዳው ካባካ ከሙቴሳ ዳግማዊ ጋር የነበራቸው ጠብ ጫፍ ሲደርስ፣ በሜንጎ ኮረብታ ያለውን ቤተ መንግሥት እንዲደበድብ የታዘዘው አሚን ነው። ካባካው አጥር ዘለው አመለጡ፤ በ1969 በስደት እንዳሉ ለንደን ላይ ሞቱ። የባጋንዳ ሕዝብ ለዘመናት ሲያከብረው የኖረው ቅጥር የጦር ሰፈር ሆነ።

የጭብጨባው ጊዜ

ጥር 25 ቀን 1971 ኦቦቴ በሲንጋፖር ለኮመንዌልዝ ጉባኤ ሄደው ሳለ አሚን መንግሥቱን ያዘ። በካምፓላ ጎዳናዎች ሕዝቡ ወጥቶ ጨፈረ። ከሁሉም አብልጠው የጨፈሩት ደግሞ ከአምስት ዓመት በፊት ቤተ መንግሥታቸው የተደበደበባቸው ባጋንዳ ነበሩ፤ ኦቦቴን ጠልተው ነበርና ኦቦቴን የጣለላቸውን ወደዱ። አሚንም የካባካውን አስከሬን ከለንደን አስመጥቶ በካሱቢ የነገሥታት መቃብር በክብር እንዲቀበር በማድረግ ፍቅሩን አጸና። በዚያው ዓመት ግን በጂንጃ፣ በምባራራና በሌሎችም የጦር ሰፈሮች የአቾሊና የላንጎ ተወላጆች የሆኑ ወታደሮች በብዙ መቶዎች ተገደሉ። ደቡቡ ሲያጨበጭብ ሰሜኑ ቀብሩን እንኳ ሳያገኝ ያለቅስ ነበር። አብረው ጓንት አጥልቀው፣ አብረው በአንድ ድንኳን አድረው የኖሩ ጓዶች በጎሣቸው ስም እየተጠሩ ወጡ።

በስፖርት ረገድ ግን የአሚን ዘመን የኡጋንዳ ቡጢ ስሙ የገነነበት ጊዜ ነው። አሚን ራሱን የቡጢኞች ሁሉ አባት አድርጎ ያቀርብ ነበር። እውነቱ ሲመረመር ግን ዘሩን የዘራው እርሱ አልነበረም። ማሞ ወልዴ ማራቶንን ባሸነፈበት በ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ኤሪዳዲ ሙክዋንጋ የብር፣ የምዕራቡ ተወላጅ ሊዮ ርዋብዎጎ የነሐስ ሜዳይ አግኝተው ነበር። በ1970 በኤዲንበርግ የኮመንዌልዝ ውድድር ጄምስ ኦድዎሪ፣ መሐመድ ሙሩሊና ቤንሰን ማሳንዳ ሦስት ወርቅ ይዘው ተመልሰዋል። አሚን ሥልጣን ሲይዝ ያገኘው የደረሰ አዝመራ ነው። በ1972 በሙኒክ ርዋብዎጎ የብር ሜዳይ ተቀበለ። በ1974 ደግሞ ከቡጋንዳ የወጣው አዩብ ካሉሌ በክራይስትቸርች የኮመንዌልዝ ወርቅ፣ በሃቫና በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም አማተር ሻምፒዮና ሌላ ወርቅ አገኘ።

እነዚህ ልጆች ከአንድ ወገን የመጡ አልነበሩም፤ የምዕራቡ፣ የምሥራቁ፣ የቡጋንዳውና የሰሜኑ ልጅ አንድ መለያ ለብሰው ቆሙ። በአገሪቱ ውስጥ ጎሣ ጎሣውን ሲፈራ፣ የካምፓላ ሕዝብ ግን በሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ የማንንም ጎሣ ሳይጠይቅ ለኡጋንዳ ልጅ ይጮህ ነበር።

የዚህ ደስታ ሌላ ገጽታ በጆን አኪ-ቡዋ ሕይወት ይታያል። ይህ የላንጎ ተወላጅ ፖሊስ በሙኒክ የ400 ሜትር መሰናክል ሩጫን በ47.82 ሴኮንድ አሸንፎ ለአገሩ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አመጣ። አሚንም ሸለመው፤ ቤትም ሰጠው። የእርሱ ወገኖች የሆኑት የላንጎ ሰዎች ግን በዚያው ወራት እየታደኑ ይገደሉ ነበር። ሕዝቡ የሚያጨበጭብለት ጀግና ወደ ቤቱ ሲገባ ለዘመዶቹ ይፈራል። ከዚህ የከፋ የድል በዓል ምን አለ?

የመጨረሻው ዙር

በነሐሴ 1972 አሚን በአገሪቱ የሚኖሩት የእስያ ተወላጆች በ90 ቀን ውስጥ እንዲወጡ አዘዘ። ወደ ሃምሳ ሺህ የሚሆኑ ሰዎች ሱቃቸውንና ፋብሪካቸውን ጥለው ሄዱ፤ ንብረቱም ለወታደሮችና ለወዳጆች ተከፋፈለ። ጥቂት ቆይቶ ሸቀጡ ከገበያ ጠፋ፤ ያጨበጨበው የከተማ ሕዝብ ለስኳርና ለሳሙና ተሰለፈ። በናካሴሮ ኮረብታ ያለው የመንግሥት የስለላ ቢሮም የገባበት የማይወጣበት ቤት ሆነ።

ማዕረጉ ግን ይጨምር ነበር። በ1975 ራሱን ፊልድ ማርሻል አደረገ። በዚያው ዓመት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ በካምፓላ ተደርጎ የድርጅቱ ሊቀ መንበር ሆነ። በጥር 1976 ስለ አንጎላ ጉዳይ በአዲስ አበባ የተጠራውን ልዩ ስብሰባ የመራውም እርሱ ነው፤ ድምፁ 22 ለ22 እኩል ተከፍሎ ጉባኤው ያለ ውሳኔ ተበተነ። በዚያው ዓመት የአፍሪካ አገሮች የሞንትሪያልን ኦሊምፒክ ሲያወግዙ፣ የኡጋንዳ ቡጢኞች እንደ ኢትዮጵያ ሯጮች ሁሉ ሳይወዳደሩ ቀሩ። በየካቲት 1977 የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ ጃናኒ ሉዉምና ሁለት ሚኒስትሮች ተገደሉ፤ መንግሥቱም የመኪና አደጋ ነው ሲል አስታወቀ። ያመነው ሰው አልነበረም።

በጥቅምት 1978 የአሚን ጦር ወደ ታንዛንያ ዘልቆ የካጌራን ግዛት ያዘ። ጁሊየስ ኔሬሬ ጦራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ግን አሚን የቀድሞ ሙያው ትዝ አለው። ጠቡን እርሱና ኔሬሬ በቡጢ መድረክ ገጥመው እንዲጨርሱት፣ መሐመድ አሊም ዳኛ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ዓለም ሳቀ። ኔሬሬ ቀጭን የቀድሞ አስተማሪ፣ አሚን ግዙፍ የቀድሞ ሻምፒዮን ነበሩ፤ ግጥሚያው በሚዛንም ቢሆን አይፈቀድም። ነገር ግን ከሳቁ በስተኋላ የሚያሳዝን ነገር አለ። ሰውየው ለስምንት ዓመት ያለ ዳኛ ሲመታ ኖሮ ዳኛ የጠየቀው መሸነፍ ሲጀምር ነው።

ሚያዝያ 11 ቀን 1979 የታንዛንያ ጦርና የኡጋንዳ ስደተኞች ኃይል ካምፓላን ያዙ። አሚን መጀመሪያ ወደ ሊቢያ፣ በኋላም ወደ ሳውዲ ዓረቢያ ሸሸ። በአገዛዙ የሞቱት ሰዎች ቁጥር ከመቶ ሺህ እስከ አምስት መቶ ሺህ ይገመታል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሦስት መቶ ሺህ ነው።

መከራው ግን ከእርሱ ጋር አልሸሸም። ከ1980 ጀምሮ አዲሱ ጦር ወደ ዌስት ናይል ሲገባ፣ የአሚን አገር ሰዎች ናችሁ ተብለው ገበሬዎችና ሴቶች ተገደሉ፤ በ1981 በኦምባቺ የካቶሊክ ሚሲዮን የተጠለሉት እንኳ አልተረፉም። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ሱዳንና ወደ ዛይር ተሰደደ። ከሥልጣኑ አንዲት ፍርፋሪ ያልደረሰው የኮቦኮ ገበሬ የአንድ ሰው ዕዳ ከፋይ ሆነ። በ1971 አቾሊውና ላንጎው በጎሣው እንደ ተገደለ ሁሉ፣ በ1980 ካክዋውና ሉግባራው በጎሣው ተገደለ። ቅኝ ገዢው የዘራውን ከፋፍሎ የመግዛት ዘር አሚን አጠጣው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡትም አጨዱት።

ኢዲ አሚን ነሐሴ 16 ቀን 2003 በጅዳ ሆስፒታል ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። ላጠፋው ጥፋት ፍርድ ቤት ሳይቆም፣ የአገሩንም አፈር ሳይለብስ ቀረ።

የኡጋንዳ ቡጢ ግን ከእርሱ በኋላም ኖረ። ጆን ሙጋቢ በ1980 በሞስኮ የብር ሜዳይ አገኘ፤ በ1989 የዓለም ፕሮፌሽናል ሻምፒዮን ሆነ። ካሉሌም በ1979 የዓለም ቀበቶ ታጥቋል። በናጉሩና በካትዌ ጠባብ አዳራሾች ዛሬም ልጆች ጓንት ያጠልቃሉ፤ ሰፈር ለሰፈሩ፣ ክፍል ለክፍሉ ያጨበጭባል። ሰው ለትውልድ ቀዬው ልጅ ማጨብጨቡ ነውር የለበትም፤ ግጥሚያው ሲያበቃ ተሸናፊውም አሸናፊውም ተቃቅፈው ይወርዳሉና። ነውሩ ያ ጭብጨባ ከአዳራሽ ወጥቶ መንግሥት ሲሆን፣ አጨብጫቢውም የሚመታው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ሲያቆም ነው። የካምፓላ ሕዝብ ይህን ትምህርት የተማረው በውድ ዋጋ ነው።